አምስቱንም ጊዜ ለምን ልክ ሆነ?



ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ወረቀትና እስክሪብቶም አቅርቡ፣ መሐል ላይ አብረን የምንሠራት ትንሽ ሒሳብ አለች።

እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን። ደሴ ነው ያደግነው። አንድ መድረሳ ቀርተናል፣ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ተራግጠናል። ዛሬ አንዳችን ሱቅ ይሠራል፣ አንዳችን ባጃጅ ይነዳል፣ አንዳችን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ አንዳችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስታቲስቲክስ ይማራል። የአምስተኛውን ስምም ሥራም አንጠቅስም። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት ግን እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ አንድ ቦታ ላይ ቁጥር ተሳስተን አርሞናል።

ነገሩ የተጀመረው በአባቱ ዓይን ነው። የዓይን ሞራ አስቸግሯቸው፣ መስጂድ ሲመጡ በር ላይ ጫማቸውን በእጃቸው ዳብሰው እስከመፈለግ ደርሰው ነበር። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ለሕክምናው ብላ 30,000 ብር ላከች። ብሩ የገባው በእሱ ስም ነው። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ግን «ሐኪሙ ወደ ሌላ ሳምንት አዛወረው» አለን። በሌላው ሳምንትም ሌላ ምክንያት አመጣ። በሦስተኛው ሳምንት ከኢሻ በኋላ ጠርቶን፣ ከመስጂዱ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ነገረን። ከ30,000 ብሩ የቀረው 1,150 ብር ነበር። ሌላውን የኳስ ውርርድ በልቶታል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጮኽንበት። የእህቱን ላብ፣ የአባቱን ዓይን፣ አደራ መብላትን፣ ሐራም መሆኑን፣ ሁሉንም አነሳንበት። ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሐራም መሆኑን ከእናንተ እኩል አውቃለሁ። ሱረቱል ማኢዳን አብረን ነው የሐፈዝነው። ግን ሰውየው ልክ ነበር። አምስቱንም ጊዜ ልክ ነበር።»

ሰውየው የሚለው አንድ የቴሌግራም ቻናል የሚመራ፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው ሰው ነው። በውስጥ መስመር ጽፎለት «ነገ በእንትና ጨዋታ ከ2.5 ጎል በላይ ይገባል፤ ገንዘብ አልፈልግም፣ ዝም ብለህ ተመልከት» አለው። ልክ ሆነ። በሳምንቱ ሌላ ላከ፤ ልክ ሆነ። እንዲህ እያለ አምስት ደረሰ። ለስድስተኛው ገንዘብ ጠየቀ፤ ጓደኛችንም ከፈለ። ስድስተኛውን ለመጫወት ነው የአባቱን ገንዘብ የነካው።

እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። ምክር ነበረን፣ ቁጣ ነበረን፣ መልስ ግን አልነበረንም። ሰውየው የማያውቅ ከሆነ እንዴት አምስቱን ጊዜ አወቀ? ወደ ስታቲስቲክስ ተማሪው ዞርን። እሱም አንገቱን ደፍቶ «ወላሂ፣ እኔ ኮርሱን ያለፍኩት ቀመር ሸምድጄ ነው» አለ። አልተቀየምነውም። እኛም አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ተምረነው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ የቀረን «ከከረጢት ውስጥ ቀይ ኳስ የማውጣት ዕድል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀይ ኳሱ ለምን እንደሚወጣ የነገረን አልነበረም።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከዐስር በኋላ በመስጂዱ የመማሪያ ክፍል መቀመጥ ጀመርን። የመጀመሪያው ፍርሃታችን ክፍልፋይ ነበር። እሱ ግን በአንድ ቀን ለቀቀን፤ ምክንያቱም ከኡስታዛችን ዘንድ ሚራስ የቀራን ነን። ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶ፣ ስድስተኛ፤ ውርስ ያካፈለ ሰው ለክፍልፋይ እንግዳ አይደለም። ፕሮባብሊቲም መሠረቱ ማካፈል ነው። ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ትቆጥራለህ፣ ከእነሱ ውስጥ የምትፈልገው ስንት እንደሆነ ትቆጥራለህ፣ ታካፍላለህ። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አብረው እንዲሆኑ ከፈለግክ ታባዛለህ። የመጀመሪያው ወር ትምህርታችን ይህ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ሳንቲም ወረወርን። ባለ አንድ ብር ሳንቲም፣ በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን። (የመስጂዱ ዘበኛ በመስኮት አይቶን ቁማር የያዝን መስሎት ለኡስታዝ ሊናገር ሄዶ ነበር። አልፈረድንበትም።) ተማሪው ጓደኛችን ክፍል ውስጥ ያየውን አንድ ጨዋታ አመጣ። ሁለታችን ሳንቲሙን በእውነት 200 ጊዜ ወርውረን ውጤቱን እንጽፋለን፤ ሁለታችን ደግሞ ሳንወረውር ከጭንቅላታችን 200 «አንበሳ» እና «ሚዛን» እንጽፋለን። አምስተኛው ውጭ ቆይቶ ይገባና የትኛው ወረቀት የውሸት እንደሆነ ይለያል። ውጭ የቆየው ያ ተበላሁ ያለን ጓደኛችን ነው። ገብቶ ሁለቱንም አየና አንዱን አንስቶ «ይሄ ነው የውሸቱ» አለ፤ «ሰባት ጊዜ ተከታትሎ አንበሳ የሚባል ነገር የለም»።

ያነሳው እውነተኛውን ነበር። የውሸቱን የጻፍነው ሁለታችን ከአራት በላይ አንበሳ አላስከተልንም፤ እጃችን እንቢ ይላል፣ «አሁንስ ሚዛን ይበቃል» እያለ ይመልሰናል። እውነተኛዋ ሳንቲም ግን ማፈር አታውቅም። ሰባት አንበሳ በተከታታይ የመውጣት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሰባት ጊዜ ሲባዛ ነው፤ ከ128 አንድ። ትንሽ ይመስላል። በ200 ውርወራ ውስጥ ግን ሰባቱ ሊጀምሩበት የሚችሉበት ቦታ ወደ 200 ይጠጋል። እንግዲያው ቢወጣ የሚገርም አይደለም። ከሰባቱ በኋላ ስምንተኛው ምን ይሆናል? አሁንም ግማሽ ነው፤ ሳንቲሟ ማስታወሻ ደብተር የላትም።

ጓደኛችን ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ። በኋላ እንደነገረን፣ ስምንት ትኬት በተከታታይ ሲቃጠልበት ዘጠነኛውን እጥፍ አድርጎ የቆረጠው «አሁንስ ይበቃል» ብሎ ነበር። እጃችን ወረቀቱ ላይ ያለችን ያንኑ ነው።

የኦዱን ነገር ደግሞ እንዲህ አየነው። እዚህ ጋ እስክሪብቷችሁን አንሱ። ለምሳሌ አንድ ጨዋታ ላይ ባለሜዳው ያሸንፋል 2.00፣ አቻ 3.30፣ እንግዳው ያሸንፋል 3.60 ተብሎ ተለጥፏል እንበል። መቶን ለእያንዳንዱ አካፍሉ። 100 ለ2.00 ሲካፈል 50፣ ለ3.30 30.3፣ ለ3.60 27.8። ደምሩት፤ 108.1 ይመጣል። ከሦስቱ አንዱ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ ድምሩ 100 መሆን ነበረበት። ትርፏ 8 የቤቱ ድርሻ ናት። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ዋጋው ሲወጣ ጀምሮ ውስጡ ተቀምጣለች። ይቺ ድርሻ በሦስቱም ላይ እኩል ተከፋፍላለች ካልን፣ ለሚወራረዱበት እያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 92 ብር ከ50 ገደማ ነው።

«7 ብር ከ50 ምን አላት?» አለ ባለሱቁ፤ እሱ በዚህ ትርፍ ስኳር ይሸጣል። ግን ልጆቻችን አንድ ጨዋታ ብቻ መች ይቆርጣሉ? ስምንት ጨዋታ አያይዘው ነው። ስምንት ጨዋታ ሲያያዝ 0.925 በራሱ ስምንት ጊዜ ይባዛል። ውጤቱ 0.54 ገደማ ነው፤ ከ100 ብር በአማካይ 54። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር ሽልማቱ ያምራል፣ የቤቱም ድርሻ እያበጠ ይሄዳል።

ከሁሉ ያስደነገጠን ግን ቀጣይዋ ስሌት ናት። ስምንቱም ጨዋታ «አይቀሬ» ናቸው እንበል፣ እያንዳንዱ ከ100 በ70 የሚሳካ። ስምንቱም አብረው የመሳካታቸው ዕድል ከ100 ወደ 6 ነው። ሰባቱ ተሳክተው አንዷ ብቻ የመበላሸቷ ዕድል ግን ከ100 ወደ 20 ይደርሳል፤ የምታበላሸው ማንኛዋም ከስምንቱ አንዷ ልትሆን ትችላለችና። ማለትም «በአንድ ጨዋታ ቀረብኝ» የሚለው ከ«በላሁ» ከሦስት እጥፍ በላይ ይደጋገማል። በየካፌው «በአንድ ጎል!» እያለ ጭንቅላቱን የሚይዘውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተቃርቦ እንደነበረ ይሰማዋል። ያልተቃረበ ትኬት ነው፤ ተራው ትኬት እንዲያ ነው የሚቃጠለው።

ባጃጅ ነጂው ጓደኛችን እዚህ ላይ ጥያቄ አነሳ፤ ለምን ታዲያ የበሉትን ብቻ ነው የምናየው? መልሱን ራሱ መለሰው። የበላ ሰው ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። የተቃጠለበት ወረቀቱን ይቀድና እዚያው በር ላይ ይጥለዋል። «እኔ ሁልጊዜ ስክሪኑን ነው የማየው፤ መሬቱን አይቼ አላውቅም» አለ።

ከዚያ ወደ አምስቱ ልክ መጣን። ይቺን ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል፤ ስናገኛት ግን ሁለት ደቂቃ አልፈጀችም። ሰውየው የጻፈው ለጓደኛችን ብቻ አይደለም እንበል። ለ1,600 ሰው ይጽፋል። ለ800ው «ከ2.5 ጎል በላይ» ይላል፣ ለ800ው «በታች»። ጨዋታው ሲያልቅ ግማሾቹ ዘንድ ልክ ነው። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸዋል፤ እነሱም ይረሱታል። ለቀሩት 800 በሳምንቱ ለ400ው እንዲህ፣ ለ400ው እንዲያ። ከዚያ 400፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 100፣ ከአምስተኛው በኋላ 50 ሰው ይቀራል። እነዚያ 50 ሰዎች አምስት ጊዜ ተከታትሎ ልክ የሆነ ሰው አይተዋል። ስለ ኳስ አንዳች ነገር ማወቅ አላስፈለገውም። እያንዳንዳቸው ሌሎቹን 1,550 አያዩም።

ሰውየው ያደረገው ይህንኑ ነው ብለን መማል አንችልም። ግን ምንም ሳያውቁ አምስቱን ጊዜ ልክ መሆን እንደሚቻል አየን፤ ጓደኛችን የያዘው ማስረጃም ፈረሰ። ያን ቀን ስልኩን አወጣና የክፍያ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ያነብልን ጀመር፣ እኛም ጻፍን። የላከው በጠቅላላ 41,300 ብር፤ የተመለሰለት 12,450 ብር። ኪሳራው 28,850። ትኬቶቹ 64፣ የበሉት 9። ከመቁጠራችን በፊት ስንጠይቀው «ግማሽ በግማሽ ይሆናል» ብሎን ነበር። አልዋሸንም፤ የበሉት ዘጠኙ እያንዳንዳቸው ትዝታ አላቸው፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ምን እንደበሉ። የተቃጠሉት ሃምሳ አምስቱ ግን አንድ ላይ ተደባልቀዋል።

አንድ ነገር ግን በፍትሕ እንናገር። ከ100 ብር የተመለሰለት 30 ገደማ ነው፣ የእኛ ስሌት ግን 54 ይላል። «አየህ፣ አጭበርብረውሃል» ልንል ነበር። ተማሪው ከለከለን። 64 ትኬት ትንሽ ነው፤ አንዲት ትልቅ ትኬት ብትበላ ቁጥሩ ይገለበጥ ነበር። አማካይ የሚታየው ብዙ ሲቆጠር ነው። ከጥቂት ነገር ተነስቶ ሰውን መወንጀል፣ ከአምስት ልክ ተነስቶ ሰውን ማመን ያው አንድ ስህተት ነው አለን። እኛም ተቀበልነው፣ ትንሽ ቢከብደንም።

መሐል ላይ የሚያሳፍር ነገር አወቅን። ይህ ትምህርት አውሮፓ ውስጥ የተነሳው ከቁማር ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን፣ ያልተጠናቀቀ የቁማር ጨዋታ ቢቋረጥ ያስያዙት ገንዘብ እንዴት ይከፈል በሚል ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ስሌቱ ከዚያ አደገ። ባለሱቁ ይህን ሲሰማ ደብተሩን ዘጋ። ተማሪው ግን ሌላ መንገድ አሳየን። ከዚያ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ባግዳድ ውስጥ አል-ኪንዲ በምስጢር የተጻፈን ደብዳቤ ለመፍታት ፊደል መቁጠር እንደሚበቃ ጽፎ ነበር። በተመሳሳዩ ቋንቋ የተጻፈ ግልጽ ጽሑፍ ውሰድ፣ አንድ ገጽ የሚያህል፣ የትኛው ፊደል በብዛት እንደሚመጣ ቁጠር፣ ከምስጢሩ ምልክቶች ጋር አስተያይ። ጽሑፉ ኢስታንቡል ሱለይማኒያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ከእሱም በፊት የባስራው ኸሊል ኢብኑ አሕመድ በ28ቱ የዐረብኛ ፊደላት ከሁለት እስከ አምስት ፊደል ያለው ቃል ስንት ሊሠራ ይችላል ብሎ አስልቷል ይባላል፤ ቁጥሩ 12,305,412 ነው። ፊደል ሳንደግም እኛም አባዝተን ደምረነዋል፣ ልክ ነው።

አል-ኪንዲን በአማርኛ ሞከርነው። አንድ የጋዜጣ ገጽ ይዘን ሳድስ ካዕብ ሳንቀላቅል ቆጠርን። «ን»፣ «ት» እና «የ» ከፊት ተሰለፉ። «ጰ» አንድም ጊዜ አልመጣችም። እንዲህ ያለ ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚያስደስት ነግረናችሁ አታምኑንም።

ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ያመጡት ግን ኡስታዛችን ናቸው። ዘበኛው ነግሯቸው መጥተው ተቀመጡ፣ ሳንቲሙን አዩና «በአየር ላይ ሳለች በየት ጎኗ እንደምታርፍ አላህ ያውቃል። ታዲያ ግማሽ የምትሉት የማን ግማሽ ነው?» አሉን። ሳምንት ሙሉ አሰብንበት። በቀጣዩ ቅዳሜ ተማሪው ሳንቲሙን ወረወረና በመዳፉ ሸፈነው። «አሁን አርፋለች፤ ነገሩ አልቋል። እናንተ ምን ያህል ነው ትላላችሁ?» አለ። ግማሽ አልን። እሱ ሾልኮ አየና «ለእኔ ግን ግማሽ አይደለም» አለ። ሳንቲሟ ያው አንድ ናት፣ የተለየው ያወቀውና ያላወቀው ነው። ኡስታዝ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው የምትለኩት ቀደርን ሳይሆን የራሳችሁን አለማወቅ ነው፤ ቀጥሉ» ብለው ተነሱ።

በላቦራቶሪ የሚሠራው ጓደኛችን ደግሞ ትምህርቱን ወደ ሥራው ወሰደው። «99 በመቶ ትክክል የሆነ ምርመራ በሽታ አለብህ ቢልህ፣ የመታመምህ ዕድል ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀን። ሁላችንም 99 አልን። ቁጠሩት አለ። 1,000 ሰው አለ፣ በሽታው ያለባቸው 10 ናቸው። ምርመራው አስሩንም ያገኛቸዋል እንበል። ከቀሩት 990 ጤነኞች ግን አንድ በመቶውን በስህተት ይይዛል፣ 10 ያህል ሰው። «አለብህ» የተባሉት በጠቅላላ 20 ናቸው፣ የታመሙት 10። ግማሽ! ለዚህ ነው ኤች አይ ቪን የመሰለ ምርመራ በአንድ ኪት ብቻ የማይደመደመው፣ በሌላ ዓይነት ኪት የሚደገመው። ከኒካሕ በፊት ተመርምረው የመጀመሪያው ውጤት ላይ ብቻ ቆመው ሁለተኛውን ሳይጠብቁ ቤተሰብ ያሸበሩ ሰዎች እንዳየ ነገረን። ይህ ማለት ግን ውጤትን ናቅ አድርጎ ወደ ቤት መሄድ አይደለም፤ ምርመራውን እስከ መጨረሻው መጨረስ ነው።

የአባትየው ነገር እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። አራታችን ቀርድ አድርገን አዋጣን፣ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ፣ አልሐምዱሊላህ። የግራው ቀጠሮ አለው። ጓደኛችን በየወሩ ይከፍለናል፤ የሚከፍለውን እዚያችው 64ቱ ትኬት የተጻፈባት ደብተር ላይ ከሥር ይጽፋል። ለእህቱ ራሱ ደውሎ ነገራት። ያን ስልክ ሲደውል አጠገቡ አልነበርንም፣ ምን እንዳለችውም አልጠየቅነውም። ለሁለት ወር እንዳላነጋገረችው ብቻ እናውቃለን። ወደ ቻናሉ አልተመለሰም ብለን እኛ ስለ እሱ አንምልም፤ እሱም እንድንምልለት አልፈለገም። ስልኩን ግን በየቅዳሜው ሳንጠይቀው ይሰጠናል።

አሁን ከአስራ አንደኛና ከአስራ ሁለተኛ ክፍል የመጡ ልጆች አብረውን ይቀመጣሉ። ሁልጊዜ የምንጀምረው በዚያችው ሳንቲም ነው፤ ግማሾቹ ይወረውራሉ፣ ግማሾቹ ከጭንቅላታቸው ይጽፋሉ፣ እኛ ገብተን የውሸቱን እንለያለን። እስካሁን ተሳስተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ተሸወድን። አንድ ልጅ በውሸት ወረቀቱ ላይ ሰባት አንበሳ አስከትሎ ጽፏል። ማን ነገረህ ብንለው ወደ በሩ ጠቆመ። ጓደኛችን ጫማውን እያጠለቀ ይስቃል።